ወንድሜ ፊሊፒናዊት ሊያገባ ነው፤ ቤታቸው እንዴት ነው?

ጥያቄውን ኢንተርኔት መድረክ ላይ የለጠፍኩት እሑድ ማታ ነው፣ እማዬ አጠገቤ ቁጭ ብላ። ታናሽ ወንድሜ ዱባይ ይሠራል። እዚያ የተዋወቃትን ፊሊፒናዊት ሊያገባ መሆኑን ባለፈው ሳምንት ደውሎ ነገረን። ልጅቷ ኢሎኢሎ የምትባል የፊሊፒንስ ከተማ ልጅ ናት። እማዬ መጀመሪያ የጠየቀችው ሃይማኖቷን ነው። ካቶሊክ ናት ሲላት ትንሽ ቀለል አላት። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን እኔን ያዘችኝ። ቤታቸው እንዴት ነው? ይስማማሉ? ትልቅ ሰው ያከብራሉ? አንቺ ከእነሱ ጋር ኖረሽ የለ?

እውነቷን ነው፣ ኖሬያለሁ። ዱባይ ሳትዋ ሰፈር፣ ቤድ ስፔስ በሚሉት ኑሮ፣ ሦስት ዓመት ከአራት ፊሊፒኖዎች ጋር አንድ ክፍል ተጋርቻለሁ። ስለዚህ መድረኩ ላይ ጥያቄ ብቻ አልጻፍኩም፤ አውቃለሁ ባይነቴም አብሮ ወጣ። ከእኔ በላይ ያለው አልጋ ላይ የምትተኛው ልጅ ሥራዋ የማታ ፈረቃ ስለነበር ቀን ቀን ቤት ናት። ምሳ ልትሠራ ስትነሣ ስልኳን ከሩዝ ማብሰያው ጋር አስደግፋ ቪዲዮ ትከፍታለች። እነሱ ጋ ጊዜው ወደ ማታ ነው። ማዶ እናቷ ሳህን ያጥባሉ፣ ልጇ የቤት ሥራውን ይሠራል፣ አያትየው ወንበር ላይ ያንጎላጃሉ። ወሬ የለም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ማንም ምንም ላይናገር ይችላል። እሷ ሽንኩርት ትልጣለች፣ አንዳንዴ ቀና ብላ ልጁን ስለ እጅ ጽሑፉ ትቆጣዋለች፣ ከዚያ ተመልሳ ወደ ሽንኩርቷ። ሊዘጉ ሲሉ ልጁ ይመጣና ግንባሩን ስልኩ ላይ ያስጠጋል፤ እሷም የእጇን ጀርባ ካሜራው ፊት ታደርጋለች። ማኖ ይሉታል። የትልቅ ሰው እጅ ይዞ ግንባር ማስነካት ነው፣ ምርቃት መቀበያ፤ እኛ ጉልበት እንደምንስመው።

እና ደፈር ብዬ ጻፍኩ፦ ሦስት ዓመት ሙሉ በዚያ ስልክ ውስጥ አንድ ቀን ጩኸት ሰምቼ አላውቅም፣ ከእነሱ የበለጠ የሚስማማ ቤተሰብ አላየሁም፣ እንዴት እንደሚያደርጉት የምታውቁ ንገሩን።

እስከ ረቡዕ 24 መልስ ተሰበሰበ። እማዬ መነጽሯ ስለተሰበረ እኔ ነበርኩ የማነብላት። አንዳንዱን ዘልዬባታለሁ፣ ለእናንተ ግን አልዘልም።

1ኛዋ ቶሮንቶ ያለች ነርስ ናት። እንኳን ደስ አላችሁ ብላ ጀመረች። ሆስፒታሏ ውስጥ ግማሹ ነርስ ፊሊፒኖ እንደሆነና ያልኩት ሁሉ ልክ እንደሆነ ነገረችኝ። እሷ የጨመረችው አጠራራቸውን ነው። በአንድ ዓመት የምትበልጥህን ሴት አቴ፣ ወንዱን ኩያ ሳትል በስሙ ብቻ መጥራት ነውር ነው፤ የእኛ እትዬና ጋሼ ማለት ነው። ለትልቅ ሰው ሲናገሩ ደግሞ ዓረፍተ ነገሩ ላይ ፖ የምትባል ቃል ጣል ያደርጋሉ። አንቱታ መሆኗ ነው። እማዬ ይሄን ወደደችው። ፖ፣ ፖ እያለች ወደ ማድቤት ገባች።

2ኛዋ ባኮሎድ ከተማ የተወለደ ባል አላት። ረጋ ብላ ነው ያረመችን። አቴና ኩያ የታጋሎግ ነው፣ ማለትም የማኒላና የአካባቢው። የኢሎኢሎ ሰው ቋንቋው ሂሊጋይኖን ነው፣ እዚያ ትልቅ እህት ማናንግ፣ ትልቅ ወንድም ማኖንግ ይባላል። ወንድሜ የልጅቷን እህት አቴ ቢላት ማንም አይቀየመውም፣ ማናንግ ካላት ግን ያን ቀን ቤት ይገባል። በጣም ጠቃሚ ምክር ነው፣ ወዲያው ላክሁለት።

3ኛው መልስ ረጅም ነበር፣ ከሁሉም የወደድኩት እሱን ነው። የጻፉት በዕድሜ የገፉ የግብርና ተመራማሪ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ጋሼ እያለ ነው የመለሰላቸው። በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ በፈረንጆቹ ማለት ነው፣ ሎስ ባንዮስ ተምረዋል። ከማኒላ ወደ ደቡብ፣ ላጉና ክፍለ ሀገር ውስጥ፣ ዓለም አቀፉ የሩዝ ምርምር ተቋም ያለበት ከተማ። የተከራዩት አንዲት መምህርት ቤት ነው። ዘጠኝ ሰው በሁለት ክፍል። ማታ ሰሌን ተነጥፎ ልጆቹ በተርታ ይተኛሉ፣ አያት ጫፍ ላይ። ፕሬዚዳንታቸው ማርኮስ የወደቀ ጊዜ፣ የካቲት 1986፣ ዘጠኙም አንድ ሬዲዮ ከበው ሲያለቅሱ አብረው ነበሩ።

ግን ጋሼ ጩኸት የለም ያልኩትን አልተቀበሉትም። ማለት፣ ጩኸት የለም፣ እሱስ እውነት ነው። ጠብ ግን አለ አሉ። ታምፖ ይሉታል። በአማርኛ ከኩርፊያ ሌላ ስም የለውም፤ የሚኮረፈው ደግሞ የሚወደድ ሰው ላይ ብቻ ነው። የመምህርቷ ታናሽ ልጅ አንድ ጊዜ አባቷ በእንግዳ ፊት ስለ ውጤቷ ቀለደባት። ልጅቷ አልመለሰችም። በማግስቱ ማዕድ አልቀረበችም። አራት ቀን ብቻዋን ማድቤት ቆማ በላች። ማንም ምን ሆነሽ ያላት የለም፣ ምክንያቱም ሁሉም ያውቃል። በአምስተኛው ቀን አባትየው ከገበያ ሲመለስ ቢቢንካ፣ በሙዝ ቅጠል የሚጋገረውን የሩዝ ኬክ፣ ገዝቶ በሯ ላይ አስቀመጠና ሄደ። ማታ ልጅቷ ከሁሉም ጋር በላች። ይቅርታ የሚል ቃል ከማንም አፍ አልወጣም። ጋሼ ይህን ሂያ ከሚሉት ነገር ጋር አያያዙት፣ ይሉኝታ ማለት ነው። ሰው ፊት የሰውን ፊት አለማጥቆር። ቤቱ የተሰማማ የሚመስለው ችግር ስለሌለ አይደለም፤ ችግሩ ድምፅ ሳያሰማ እንዲያልፍ ሁሉም ስለሚሠራበት ነው አሉ።

4ኛው የእኔው ነው። ጋሼን አመስግኜ አንድ ነገር አመንኩ። አንድ ቀን ያቺ ከላዬ የምትተኛዋ ልጅ የሠራችውን ሩዝ ሌሎቹ ባሉበት አሳረርሽው እንዴ ብዬ ሳቅሁባት። ለሳምንት ያህል ሰላምታ ብቻ ሆነ። ሥራ ደክሟት ነው ብዬ አለፍኩት። ከዚያ አንድ ማታ ስገባ አልጋዬ ላይ በሳህን የተከደነ ፓንሲት፣ ያ የሩዝ ፓስታቸው፣ ከነሎሚው ተቀምጧል። እኔ ሞኟ ልደቷ መስሎኝ መልካም ልደት አልኳት። ተኮርፌ መታረቄን ያወቅሁት ይሄው ከስንት ዓመት በኋላ፣ ጋሼ ሲነግሩኝ ነው።

5ኛዋ መጣች። እስከዚህ ድረስ የነበረው ጨዋነት እዚህ አበቃ። ኩዌት ሰባት ዓመት፣ ከዚያ ቤሩት ሁለት ዓመት የሠራች ሴት ናት። የጠየቀችው አንድ ነገር ነው፦ ለዚህ ሰላም ማነው የሚከፍለው? አብራት የሠራች ፊሊፒኗ የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበረች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስትልክ ሦስት ወንድምና እህት አስተምራ አስመርቃለች፣ አራተኛው ነርሲንግ ጀምሯል። ልመለስ ነው ባለች ቁጥር የቤቱ ጣሪያ በአውሎ ነፋስ ይነሣል፣ ወይ አጎት ይታመማል። 38 ዓመቷ ነው፣ አላገባችም፣ አንድ ቀን ግን እምቢ ብላ አታውቅም። ምክንያቱም ኡታንግ ና ሎኦብ አለ። የውለታ ዕዳ ነው፣ ግን ተከፍሎ የማያልቅ። ወለዱኝ፣ አሳደጉኝ፣ እና እስክሞት ባለዕዳ ነኝ ማለት ነው። በ2024 ብቻ ከውጭ ያሉ ፊሊፒኖዎች በባንክ በኩል ከ34 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወደ አገራቸው ልከዋል፤ በስልክ ያየሽው የተረጋጋ ቤት በዚህ ብር ነው የተረጋጋው አለችኝ። ወንድምሽ የሚያገባው ልጅቷን ብቻ አይደለም፣ የወር ክፍያዋን ጭምር ነው፣ አሁኑኑ ቁጭ ብለው ይነጋገሩበት ብላ ዘጋች።

ይሄን ሳነብ እማዬ ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ። የቤታችን ቆርቆሮ የተቀየረው በእኔ የሳትዋ ደመወዝ ነው። የወንድሜ የዱባይ ቪዛም።

6ኛው ከ5ኛዋ ጋር ተስማምቶ፣ እኛስ ምን እንለያለን ብሎ አለፈ። 7ኛው ግን ሌላ ነገር አመጣ። ዱባይ ዴይራ ውስጥ ካርጎ ቤት የሚሠራ ልጅ ነው፣ ሥራው የባሊክባያን ሳጥን ማሸግ። የማታውቁ ካላችሁ፣ ከውጭ ያለው ፊሊፒኖ ለቤተሰቡ የሚልከው ትልቅ ካርቶን ነው። በመርከብ ስለሚሄድ የሚከፈለው በኪሎ ሳይሆን በካርቶኑ መጠን ነው፣ ስለዚህ ቀዳዳ አይተዉበትም። ሳሙና፣ የጥርስ ሳሙና፣ በቆርቆሮ የታሸገ ሥጋ፣ ቸኮሌት፣ ፎጣ፣ ጫማ። ጫማው ውስጥ ካልሲ፣ ካልሲው ውስጥ ከረሜላ። ሁሉም ላይ ስም በማርከር ይጻፋል፦ ይሄ የአያት፣ ይሄ የአጎት፣ ይሄ የጎረቤቷ ልጅ፣ ይሄ የክርስትና ልጅ። መንግሥታቸው ውጭ ለሚሠራው ዜጋው እስከ 150,000 ፔሶ የሚያወጣ ዕቃ ያለቀረጥ ያስገባል። ለገና እንዲደርስ መስከረምና ጥቅምት ላይ ሱቁ ይጨናነቃል። አንዲት ሴት ካርቶኑ ታሽጎ፣ ቴፑ ሁለቴ ዞሮበት፣ ተመልሳ መጥታ አስከፈተችው። ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አወጣች፤ የልጇ እግር በእርሳስ ዙሪያውን ተስሎበታል። የገዛችውን ጫማ ወረቀቱ ላይ አድርጋ ለካችው። ጠቦታል። ጫማውን ይዛ ልትቀይር ሮጠች። ልጁ የጻፈው እስከዚህ ነው፣ አስተያየት አልጨመረም።

8ኛው ሕግ አዋቂ ይመስላል። ውለታው ስሜት ብቻ እንዳልሆነ አስረዳ። በ1987 የወጣው የቤተሰብ ሕጋቸው ማን ለማን ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት ሲዘረዝር ባልና ሚስት፣ ወላጅና ልጅ ብሎ አያቆምም፣ ወንድምና እህትንም ያስገባል። የዚያው ዓመት ሕገ መንግሥትም አረጋውያንን መጦር የቤተሰብ ግዴታ ነው ይላል። በ2025 ደግሞ ሴናተር ፓንፊሎ ላክሰን ወላጁን የማይጦር ልጅ እንዲቀጣ የሚል ረቂቅ ሲያቀርቡ ወጣቱ ኢንተርኔት ላይ ጮኸ። የሚገርመው እሱ ነው አለ፦ ቤት ውስጥ ድምፁን የማያሰማው ሁሉ እዚያ ጮኸ።

9ኛው ይህን ሁሉ ካነበበ በኋላ ምን እንደነካው አላውቅም። የምታወሩት ድህነት ነው፣ ፍቅር አታድርጉት አለ። ልጇን ጥላ የሰው ልጅ የምታሳድግ እናት ስላለችበት አገር ቤተሰብ እያላችሁ አታድክሙን፣ ልጆቹ አያታቸውን ነው እማ የሚሉት። ከዚያ ስለ ሴቶቹ አንድ የማልደግመው ቃል ጨመረ። ይሄን ለእማዬ አላነበብኩላትም።

10ኛዋ መለሰችለት። እስራኤል አገር ነው ያለችው፣ ነታንያ። አያቷን የምታስታምመው ፊሊፒኗ ናት፤ እዚያ አረጋውያንን በመንከባከብ ሥራ ላይ ፊሊፒኖዎች ብዙ እንደሆኑ የሚታወቅ ነው። አያቷ ከአማርኛ ሌላ አያውቁም። ፊሊፒኗ ትንሽ ዕብራይስጥ አላት። አራት ዓመት አብረው ሲኖሩ የጋራ ቋንቋቸው ቡና ነው። ልጅቷ ዓርብ ከሰዓት፣ ሰንበት ከመግባቱ በፊት፣ ለዕረፍቷ ወደ ቴል አቪቭ ስትሄድ የአያትየውን እጅ ይዛ ግንባሯ ላይ ታደርጋለች። አያትየው መጀመሪያ ቀን ደንግጠው ነበር። ከዚያ ገባቸው። አሁን ልጅቷ ጎንበስ ስትል ራሷ ላይ እጃቸውን ጭነው በአማርኛ ያወርዱታል፣ ልጅሽን በዓይንሽ ያሳይሽ፣ እግርሽን እንቅፋት አይምታው፣ ሌላም ሌላም። ልጅቷ አንድ ቃል አይገባትም፣ ግን እስኪጨርሱ ቀና አትልም። ይህን ከጻፈች በኋላ ወደ 9ኛው ዞረችና ጥላ ሄደች ያልካት ሴት በየቀኑ ለልጇ ትደውላለች፣ አንተ ለእናትህ የደወልከው መቼ ነው ብላ ጠየቀችው። አልመለሰም። እስከ መጨረሻው አልተመለሰም።

ከ11 እስከ 13 ውይይቱ ተበላሸ፣ ወይም እውነቱን ለመናገር ወደሚያመን ነገር ሄደ። አንዱ የፊሊፒንስ መንግሥት በፈረንጆቹ 2006 ውጭ ለሚሠሩ የቤት ሠራተኞቹ ዝቅተኛ ደመወዝ 400 ዶላር ነው ብሎ መወሰኑን አነሣ። 5ኛዋ ተመልሳ መጣች፦ ኩዌት አንድ ቤት፣ አንድ ማድቤት፣ አንድ ሥራ፣ ፊሊፒኗ ከእሷ ደመወዝ እጥፍ ገደማ ታገኝ ነበር። ልጅቷ ግን ጥሩ ነበረች፣ ይሉኝታ ይዟት ካርድ ትሞላላት ነበር። ሌላው የእኛ መንግሥት በፈረንጆቹ 2013 ወደ ዓረብ አገር የሚደረገውን የሥራ ጉዞ ከልክሎ በኋላ መክፈቱን፣ በመሃል በበረሃና በባሕር የሄደውን ሰው አስታወሰ። ሳትዋ ክፍላችን ውስጥ ፓሉዋጋን ይሰበሰብ እንደነበር ጻፍኩ፤ ዕቁብ ነው፣ አንድም ልዩነት የለውም፣ ሁለተኛው ዕጣ ለእኔ ወጥቶልኝ ነበር። ወደ ርዕሱ ልመልሳቸው ብዬ ነው። ማንም አልሰማኝም።

ወደ ርዕሱ የመለሳቸው 14ኛው ያነሣው ፍቺ የሚለው ቃል ነው። ፊሊፒንስ ፍቺ የለም ብሎ ጻፈ። እማዬ እሰይ አለች። ወዲያው 15ኛዋ መጥታ አረመችው፣ ትንሽም ኮስተር ብላ። ከቫቲካን ውጭ ፍቺን በሕግ የማትፈቅድ ብቸኛ አገር መሆኗ ልክ ነው፣ ግን ሙስሊሞቹ በ1977 በወጣው የራሳቸው ሕግ መፋታት ይችላሉ። ለሌላው ጋብቻው ከመጀመሪያውም አልነበረም ማስባል አለ፣ ጠበቃና ብር የሚፈልግ። በግንቦት 2024 የታችኛው ምክር ቤት የፍቺ ሕግ አጽድቆ ነበር፣ ሴኔቱ ሳያጸድቀው ቀረ። ስለዚህ ብር የሌለው ሰው ዝም ብሎ ይለያያል፣ ሌላ ቤት ይሠራል፣ በወረቀት ግን ባለትዳር ነው። የውጭ ዜጋ ያገባች እንደሆነ ደግሞ ሌላ ነው፤ ፍቺው ውጭ አገር በሕግ ከተፈጸመ የአገሯ ፍርድ ቤት እውቅና ሰጥቷት እንደገና ማግባት ትችላለች። ያልተፋታ ሰው ሁሉ ተስማምቶ ይኖራል ብላችሁ አትቁጠሩ አለች። እማዬ ገና ሳይጋቡ ስለ ፍቺ የምታወራ ሴት ምን ዓይነት ናት ብላ ተቆጣች። እኔ ግን ይሄንንም ለወንድሜ ላክሁለት።

እዚያው ላይ አንድ ሰው፣ 16ኛው፣ ትልቅ ቤተሰብ ትላላችሁ እንጂ በ2020 ቆጠራ አንድ ቤት ውስጥ በአማካይ የሚኖረው 4.1 ሰው ነው ብሎ ቁጥር ጣለና ሄደ። ዘጠኝ ሰው በሁለት ክፍል የድሮ ነው ለማለት ይመስለኛል። ጋሼ ግን ቆጣሪው ማታ ማን የት እንደሚበላ አይቆጥርም፣ ሦስት ቤት አንድ ድስት ሊኖረው ይችላል ብለው መለሱለት፤ 17ኛው ይሄው ነው።

18ኛዋ ማንም ያላሰበውን አነሣች። ሠርጉ ታኅሣሥ ነው ብዬ ጽፌ ነበር። ፊሊፒኖዎች ከ16 እስከ 24 በታኅሣሣቸው ዘጠኝ ቀን ሌሊት ተነሥተው ቅዳሴ ይሄዳሉ፣ ሲምባንግ ጋቢ ይሉታል፣ በመጨረሻው እኩለ ሌሊት ቤተሰቡ ሁሉ ማዕድ ዙሪያ ይሰበሰባል። ማዕዱ ላይ ደግሞ የአሳማ ሥጋ አለ። ሠርግ ከሆነማ ሙሉው አሳማ ተጠብሶ፣ ሌቾን፣ መሃል ላይ ይቀመጣል። ያኔ እኛ ጾመ ነቢያት ላይ ነን። ወንድሜ አሳማም አይበላ፣ ጾሙንም አይሽር፣ እንዴት ሊሆን ነው? እዚያ ቤት ገብቶ አልበላም ማለት ከስድብ ይቆጠራል። ምክሯ ቀድሞ ለልጅቷ ይንገራት፣ እሷ ለእናቷ ትንገር የሚል ነው። በሂያ የሚኖር ሰው ሳያውቅ ማቅረቡን ሲሰማ ከእንግዳው በላይ የሚያፍረው እሱ ነው። ሩዝና አትክልት ሞልቷል፣ ዓሣም አለ።

ዓሣ ማለቷ ነው ስሕተቱ። 19ኛውና 20ኛው በጾመ ነቢያት ዓሣ ይበላል አይበላም ብለው ተፋጠጡ። አንዱ አያቱን ጠቀሰ፣ አንዱ የንስሐ አባቱን። 21ኛዋ የድሬዳዋ ልጅ ናት፣ ሁለቱንም ትታ ሲኒጋንግ የሚባለውን ጎምዛዛ ሾርባቸውን በሁመር፣ ሮቃ በሚሉት ጎምዛዛ ፍሬ፣ ሠርታ እንደተሳካላት ነገረችን፤ በእነሱም አገር በዚያው ፍሬ ነው የሚጎመዝዘው። ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ራዲሽ የሚሉት ነጭ ሥር፣ ቅጠል፣ ሁመሩ ተዘፍዝፎ ተጨምቆ መጨረሻ ላይ። ለጾም ያለ ሥጋ ይሆናል። እማዬ ሁመር ከየት እንደሚገኝ አስጠየቀችኝ። ስለ ጾሙ የተነሣው ክርክር እዚያው ሾርባ ውስጥ ቀረ።

22ኛው ፊሊፒንስ፣ ካቪቴ ያገባ የደብረ ብርሃን ሰው ነው። ስለ ሽምግልና ነው የጻፈው፣ ለእኛ ቤት ከሁሉም በላይ የጠቀመን እሱ ነው። ፓማማንሂካን ይሉታል፣ የወንዱ ወገን የሴቷን ቤት ሄዶ የሚለምንበት። ደረጃ መውጣት ከሚል ቃል የመጣ ነው፤ የድሮ ቤታቸው ከመሬት ከፍ ብሎ በመሰላል የሚወጣ ስለሆነ። ከእኛ የሚለየው ልጁ ራሱ አብሮ ይሄዳል፣ ወላጆቹም ምግብ ተሸክመው ነው የሚመጡት። የእሱ አባት መሄድ ስላልቻሉ በቪዲዮ ተደረገ። ደብረ ብርሃን ሦስት ሽማግሌ ጋቢ ለብሰው ስልኩ ፊት ቆሙ። ተቀመጡ እስኪባሉ አይቀመጡም። ካቪቴ ያሉት ደግሞ ለምን እንደቆሙ አልገባቸውም፣ ሊሄዱ መስሏቸው ደነገጡ። እነሱ ትልቅ ሰው ቀድሞ ይናገር ብለው ዝም፣ ሽማግሌዎቹ የቤቱ ባለቤት ይፍቀድ ብለው ዝም። ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎት ሙሽራው ሁለቴ ዘግቶ ከፈተው። በመጨረሻ የልጅቷ አያት ስልኩን ተቀብለው በልታችኋል ወይ ብለው ጠየቁ። ሰው ሲያዩ ምግብ በላህ ወይ ማለት ልማዳቸው ነው። ሽማግሌዎቹ ተተርጉሞላቸው ሲሰሙ ሳቁ፣ ነገሩም ከዚያ በኋላ ቀለለ።

እማዬ ይሄን ሁለቴ አስነበበችኝ። አባዬም ሰምቶ ኖሮ ከሳሎን መጣ። የእኛም ሽምግልና በቪዲዮ እንዲሆን እዚያው ተወሰነ፣ አባዬና ሁለት ሽማግሌ፣ ወንድሜ ደግሞ ከዱባይ ሄዶ እነሱ ቤት ይገኛል። መድረኩ ላይ ጻፍኩት። 23ኛው የጋሼ ነው፤ ታጋሎጋቸው ቢዝግም ለማስተርጎም ፈቃደኛ መሆናቸውን ነገሩን። 2ኛዋ፣ የባኮሎዱ ሚስት፣ ከሥር ገብታ ጋሼ ይቅርታ ግን ኢሎኢሎ ሂሊጋይኖን ነው አለቻቸው። ሁለተኛ ማስጠንቀቂያዋ መሆኑ ነው። ጋሼ በሳቅ ተቀበሏት። ይሄኛው ቁጥር አልተሰጠውም፣ መልስ ውስጥ መልስ ስለሆነ።

24ኛው፣ እስካሁን የመጨረሻው፣ አንድ መስመር ብቻ ነው። የልጅቷ እናት ከእናትሽ ይበልጣሉ ወይስ ያንሳሉ የሚል። የሚገናኙ ቀን የማን እጅ ማን ግንባር ላይ እንደሚሄድ ከወዲሁ መታወቅ አለበት አለ ሰውየው፣ እየቀለደ ይሁን የምሩን አልገባኝም።

እማዬ ግን የምሯን ነው። ታጥፈው የነበረውን ጋቢ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችና ዕድሜያቸውን ጠይቂልኝ አለችኝ። ለወንድሜ ጻፍኩለት። አንብቦታል፣ ሁለቱ ምልክት ይታየኛል። እስካሁን አልመለሰም።